ቤት መምታትና የጆሮ ፍርድ

ተማሪዎች ሆይ! ከዚህ በፊት ስለ ግጥም በተማራችሁት ውስጥ ሐረግ፣ ስንኝና ቤት የሚባሉትን ክፍሎች ለይታችሁ ዐውቃችኋል። የሁለት ስንኞች መድረሻ በድምፅ ሲገጥም «ቤት መታ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜም በመድረሻቸው የሚመሳሰሉ ቃላት በአንድነት ተሰልፈው ሲጠሩ ሰምታችሁ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ተማሪዎች የሁለቱ ቋንቋዎች ሥርዓት አንድ ይመስላቸዋል።

ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ለምሳሌ አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ ሁለት ስንኞች ጽፎ አንደኛውን «ማዘር» (እናት)፣ ሁለተኛውን «ፋዘር» (አባት) በሚሉት ቃላት ቢዘጋ፣ በአማርኛ ጆሮው ሲሰማው ቤቱ በሚገባ የተመታ ይመስለዋል። እንግሊዛዊው አንባቢ ግን ቤቱ አልተመታም ብሎ ይፈርዳል። በአንጻሩ እንግሊዛዊ አማርኛ ተምሮ «በላ» እና «ገባ» በሚሉት ቃላት ሁለት ስንኞች ቢዘጋ፣ እርሱ የገጠመ ሲመስለው እኛ ደግሞ «ይህ ቤት አይመታም» እንለዋለን። ሁለቱም የሚሰሙት የየራሳቸውን ቋንቋ ሥርዓት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሁለቱን ሥርዓት ልዩነት እንመለከታለን፤ ከዚያም የራሳችንን ግጥም ስንጽፍ ምን ትምህርት እንደሚሰጠን እንመረምራለን።

1. ቤት በአማርኛ

በአማርኛ ቤት የሚባለው የስንኙ የመጨረሻ ፊደል ነው። ፊደላችን በአንድ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ ቤት ለመምታት ሁለቱም በአንድነት መግጠም አለባቸው። የሚከተሉትን ቃላት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

ሀ. መጣ፣ ወጣ፣ ቀጣ
ለ. በላ፣ ገባ፣ ሰማ

በ«ሀ» ሥር ያሉት ሦስቱም በ«ጣ» ስለሚያልቁ ቤት ይመታሉ። በ«ለ» ሥር ያሉት ሁሉም በራብዕ ድምፅ ያልቃሉ፤ ተነባቢዎቻቸው ግን ልዩ ልዩ ስለ ሆኑ ቤት አይመቱም። እንግዲህ የአናባቢው መመሳሰል ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

የመጨረሻው ፊደል ሳድስ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ተነባቢው ብቻውን ቤቱን ይሸከማል። «አገር»፣ «ምድር»፣ «ፍቅር» የሚሉት ቃላት ሁሉም በ«ር» ስለሚያልቁ ቤት ይመታሉ። ከ«ር» በፊት ያሉት «ገ»፣ «ድ» እና «ቅ» መለያየታቸው ቤቱን አያፈርሰውም። ከመጨረሻው ፊደል በፊት ያለውም ቢመሳሰል ቤቱ ይበልጥ ይሰምራል፤ ግዴታ ግን አይደለም።

2. የቃላት መድረሻ በእንግሊዝኛ

በእንግሊዝኛ ከአንድ ቃል ክፍሎች መካከል አንዱ ከሌሎቹ የበለጠ ኃይል ተሰጥቶት ይነገራል። ሁለት ቃላት ቤት መቱ የሚባለው፣ ኃይል ከተሰጠው ከመጨረሻው አናባቢ ጀምሮ እስከ ቃሉ ፍጻሜ ያለው ድምፅ በሙሉ አንድ ሲሆን ነው። ከዚያ አናባቢ በፊት ያለው ተነባቢ ደግሞ የተለየ መሆን ይገባዋል።

«ጎው» (ሂድ)፣ «ሶው» (እንዲሁ)፣ «ኖው» (የለም) የሚሉትን ተመልከቱ። በተነባቢ አይገናኙም፤ አናባቢያቸው ግን አንድ ነው። በእንግሊዝኛ እነዚህ በሚገባ ቤት ይመታሉ። በአማርኛ ሥርዓት ብንዳኛቸው ግን እንደ «በላ» እና «ገባ» በቁጠርናቸው ነበር።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ተመልከቱ። «ኔይሽን» (ሕዝብ፣ አገር) እና «ሞውሽን» (እንቅስቃሴ) ሁለቱም በ«ሽን» ያልቃሉ። በአማርኛ ጆሮ ቢመዘኑ ቤት መቱ በተባለ ነበር። በእንግሊዝኛ ግን ኃይሉ የሚያርፈው በ«ኔይ» እና በ«ሞው» ላይ ስለ ሆነና እነዚህ ስለማይመሳሰሉ ቤት አይመቱም። የ«ኔይሽን» ትክክለኛ ጓደኛ «ስቴይሽን» (ጣቢያ) ነው። የ«ሞውሽን» ጓደኛ ደግሞ «ኦውሽን» (ውቅያኖስ) ነው።

ወደ መጀመሪያው ምሳሌያችን እንመለስ። እኛ በአነጋገራችን «ማዘር»፣ «ፋዘር»፣ «ብራዘር» እያልን ሦስቱንም በራብዕ እንጠራቸዋለን። በእንግሊዞች አፍ ግን የ«ማዘር» እና የ«ብራዘር» (ወንድም) አናባቢ አጭር ሆኖ ወደ ግዕዙ «መ» እና «ረ» ይጠጋል። የ«ፋዘር» አናባቢ ግን ረዘም ያለ ራብዕ ነው። ስለዚህ «ማዘር» እና «ብራዘር» ቤት ሲመቱ «ፋዘር» ብቻውን ይቀራል። በጽሕፈት ሦስቱም መድረሻቸው አንድ መሆኑ አያድናቸውም።

ሌላም ልዩነት አለ። በእንግሊዝኛ ሌሊት ማለት «ናይት» ነው፤ በጥንት ጊዜ ጋሻና ጦር ይዞ በፈረስ ይዋጋ የነበረው መኰንንም «ናይት» ይባላል። ሁለቱ ቃላት በጽሕፈት ይለያያሉ፤ በንባብ ግን ፍጹም አንድ ናቸው። እንዲህ ያሉትን ቃላት በሁለት ስንኞች መጨረሻ ማድረግ በእንግሊዝኛ እንደ ደካማ ቤት ይቈጠራል፤ ምክንያቱም ከአናባቢው በፊት ያለው ተነባቢ አልተለየም። በአማርኛ ግን በ«መጣ» እና በ«ወጣ» እንዳየነው የተነባቢው አንድ መሆን ግዴታ ነው። ባጭሩ የእንግሊዝኛው ጆሮ አናባቢውንና ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ያስተሳስራል። የአማርኛው ጆሮ ደግሞ የመጨረሻውን ተነባቢና ከእርሱ ጋር የተጣመረውን አናባቢ ያስተሳስራል።

3. ዓይን ጆሮን ሲያታልል

የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ሁልጊዜ ድምፁን ተከትሎ አይሄድም። ስለዚህ ቤት የሚመቱ ቃላትን በዓይን ብቻ የሚፈልግ ሰው በሁለት መንገድ ይሳሳታል።

አንደኛ፣ በጽሕፈት የሚለያዩ ቃላት በድምፅ ቤት ሊመቱ ይችላሉ። «ናይት» (ሌሊት) እና «ላይት» (ብርሃን) መድረሻቸው «አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ» በሚባሉት ፊደላት ይጻፋል። «ዋይት» (ነጭ) እና «ባይት» (መንከስ) ግን መድረሻቸው «አይ፣ ቲ፣ ኢ» ነው። አራቱም ያለ ችግር ቤት ይመታሉ።

ሁለተኛ፣ በጽሕፈት የሚመሳሰሉ ቃላት በድምፅ ሊለያዩ ይችላሉ። «ሃይት» (ቁመት) እና «ዌይት» (ክብደት) ከመጀመሪያው ፊደል በቀር ሌላው ጽሕፈታቸው ሁሉ አንድ ነው። ይሁን እንጂ «ሃይት» የሚገጥመው ከ«ናይት» እና ከ«ዋይት» ጋር ነው፤ «ዌይት» ደግሞ ከ«ጌይት» (በር) እና ከ«ሌይት» (የዘገየ) ጋር ነው። ቁመትና ክብደት በሐኪም ቤት መዝገብ ላይ አብረው ይጻፋሉ፤ በግጥም ግን አንድ ቤት አይገቡም።

ከሁሉ የሚገርመው «ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች» በሚባሉት አራት ፊደላት የሚያልቁት ቃላት ናቸው። ቀጥሎ ያሉት አምስቱም መድረሻቸው በእነዚህ ፊደላት ይጻፋል።

«ዶው» ማለት ሊጥ ሲሆን ከ«ጎው» (ሂድ) ጋር ይገጥማል።
«ባው» ማለት የዛፍ ቅርንጫፍ ሲሆን ከ«ካው» (ላም) ጋር ይገጥማል።
«ረፍ» ማለት ሻካራ ሲሆን ከ«ስተፍ» (ዕቃ) ጋር ይገጥማል።
«ኮፍ» ማለት ሳል ሲሆን ከ«ኦፍ» (የጠፋ፣ የተለየ) ጋር ይገጥማል።
«ዝሩ» ማለት አቋርጦ፣ በመካከል ሲሆን ከ«ብሉ» (ሰማያዊ) ጋር ይገጥማል።

አስተውሉ! አምስቱ ቃላት በዓይን ሲታዩ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ፤ በጆሮ ሲሰሙ ግን እያንዳንዳቸው የተለየ ዘመድ አላቸው።

4. ጽሕፈቱ ከድምፁ ስለ ምን ተለየ?

በዚህ ክፍል የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ከመነሻው ድምፁን የሚከተል ነበር። በ1400 የሞተው ታላቁ ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር በነበረበት ዘመን «ናይት» የሚለው ቃል «ኒኽት» ተብሎ ይነበብ ነበር። «ጂ፣ ኤች» በሚባሉት ፊደላት የሚጻፈው የጉሮሮ ድምፅ በእርግጥ ይሰማ ነበር። ከ15ኛው እስከ 17ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ግን የእንግሊዝኛ ረጃጅም አናባቢዎች ቀስ በቀስ ተለወጡ። «ኒኽት» «ናይት» ሆነ፤ ያ የጉሮሮ ድምፅም ከአብዛኛው ሕዝብ አነጋገር ጠፋ።

ይህ ለውጥ ገና በመካሄድ ላይ ሳለ ዊልያም ካክስተን በ1476 በዌስትሚንስተር የማተሚያ መኪና አቋቋመ። መጻሕፍት በብዛት መታተም ሲጀምሩ የቃላት አጻጻፍ እየረጋ ሄደ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ያሳተመው መዝገበ ቃላትም ይህን አጻጻፍ ይበልጥ አጸናው። እንግዲህ ብዕር በቆመበት ሲጸና አፍ መንገዱን ቀጠለ ማለት ነው። ዛሬ የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን የሚያስቸግረው አጻጻፍ በብዙ ቦታ የጥንቱን ድምፅ የሚያስታውስ ቅርስ ነው።

ከዚህም የተነሣ በጥንት ግጥሞች ውስጥ ቤት ይመቱ የነበሩ አንዳንድ ቃላት ዛሬ ሲነበቡ አይመቱም። «ለቭ» (ፍቅር) እና «ፕሩቭ» (ማረጋገጥ) የሚሉትን ዊልያም ሼክስፒር (ከ1564 እስከ 1616) ቤት እንደሚመቱ አድርጎ በግጥሙ ተጠቅሞባቸዋል። የዛሬ አንባቢ ሲያነባቸው ግን ለዓይን ይገጥማሉ፤ ለጆሮ አይገጥሙም። እንዲህ ያለውን «የዓይን ቤት» ልንለው እንችላለን። ይህን የማያውቅ አንባቢ ባለቅኔው የተሳሳተ ይመስለው ይሆናል፤ የተለወጠው ግን የቃሉ ድምፅ ነው።

5. የእኛስ ፊደል?

የእንግሊዝኛን አጻጻፍ ችግር አይቶ መደነቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ወደ ራሳችን ፊደል ብንመለከት፣ መጠኑ ያነሰ ቢሆንም ተመሳሳይ ታሪክ እናገኛለን። «ነገሠ» በንጉሡ «ሠ» ይጻፋል፤ «ደረሰ» በእሳቱ «ሰ» ይጻፋል። «ድምፅ» በፀሐዩ «ፀ» ሳድስ፣ «ገጽ» በጸሎቱ «ጸ» ሳድስ ይጻፋሉ። እነዚህ ፊደላት በጥንቱ ግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ እንደ ነበራቸው የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ። በአማርኛ ግን ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ «ነገሠ» ከ«ደረሰ» ጋር፣ «ድምፅ» ከ«ገጽ» ጋር ቤት ይመታሉ። እዚህም ፊደሉ የጥንቱን ድምፅ ያስታውሳል፤ ፍርዱን የሚሰጠው ግን የዛሬው ጆሮ ነው።

ስለዚህ አንድ ተማሪ «ነገሠ» እና «ደረሰ» ቤት እንዲመቱለት ብሎ የአንዱን ፊደል ቢለውጥ ሥራው ከንቱ ነው። ለጆሮ አንዳች አይጨምርም፤ አጻጻፉን ግን ያበላሻል።

6. ቤት ሐሳብን እንዳይገዛ

እስካሁን ያየነው ሁሉ ቤት እንዴት እንደሚመታ ነው። አሁን ከዚህ የሚበልጠውን ጉዳይ እንመልከት። ቤት የግጥም አገልጋይ እንጂ ጌታ መሆን አይገባውም።

በእንግሊዝኛ አንዳንድ ቃላት ጓደኛ የላቸውም፤ ወይም ያላቸው ጥቂት ነው። ወር ማለት የሆነው «መንዝ» በተለመዱት የእንግሊዝኛ ቃላት መካከል ቤት የሚመታለት አያገኝም። በአማርኛ ግን «መንዝ» የሚለው ቃል በሸዋ ያለው አገር ስም ሆኖ ሲነገር «ወንዝ» ወዲያው ይገጥምለታል። «ለቭ» (ፍቅር) የሚለው ደግሞ ጓደኞቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱም «ደቭ» (ርግብ)፣ «ግለቭ» (ጓንት) እና «አበቭ» (ከላይ) ይገኛሉ። ስለዚህ ስለ ፍቅር የሚጽፍ ደካማ ገጣሚ ርግብ ባላሰበበት ቦታ ርግብ እንዲያመጣ ይገደዳል። ግጥሙን የሚመራው ሐሳቡ መሆኑ ቀርቶ የቃላት እጥረት ይሆናል።

በአማርኛ ደግሞ ችግሩ ከብዛት ይመጣል። በቋንቋችን ግስ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ስለሚቆም፣ «ይመጣል»፣ «ይሄዳል»፣ «ይነግራል» እያሉ በ«ል» ቤት መምታት ለማንም ቀላል ነው። «ልጆች»፣ «ላሞች»፣ «ቤቶች» እያሉ በ«ች» መደርደርም እንዲሁ ነው። ይህ መቅለል ተማሪውን ያሰንፈዋል። ወደ አፉ የመጣለትን ቃል ሁሉ ቤት ስለ መታለት ብቻ ይቀበለዋል። ከዚህ በታች ያለውን ምሳሌ አንብቡ። ጸሐፊው ስለ መስከረም መግባት ሊናገር አስቧል።

ክረምቱ አለፈ ጉሙ ተገፈፈ፣
አደይ አበባውም በመስኩ ረገፈ።

ቤቱ ተመትቷል፤ ሐሳቡ ግን ተበላሽቷል። አደይ አበባ በመስከረም ይፈነዳል እንጂ አይረግፍም። ጸሐፊው «ተገፈፈ» ብሎ ስለ ጀመረ በ«ፈ» የሚያልቅ ቃል ሲፈልግ «ረገፈ» መጣለት፤ ተቀበለውም። መፍትሔው ሐሳቡን በቅድሚያ መያዝና ለሐሳቡ የግድ የሚያስፈልገውን ቃል መምረጥ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ቃል «ፈነዳ» ነው። እንግዲህ የሚለወጠው የፊተኛው ስንኝ መድረሻ ይሆናል።

ክረምቱ አልፎልን ሰማዩ ሲፀዳ፣
አደይ አበባውም በመስኩ ፈነዳ።

አሁን ሐሳቡም ቤቱም ተስማሙ። ከዚህ የምንረዳው፣ ቤት አልመታ ሲል ዋናውን ሐሳብ የያዘውን ቃል ከመለወጥ ይልቅ ሌላውን ስንኝ መልሶ ማሰብ እንደሚሻል ነው።

ግጥም ሁሉ በመድረሻው መግጠም አለበት ተብሎ የተደነገገበት ቋንቋ ብቻ እንዳልሆነ የእንግሊዝኛ ታሪክ ይመሰክራል። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት የነበረው የእንግሊዝኛ ግጥም በጠቅላላው የሚያስተሳስረው የቃላትን መነሻ ድምፅ ነበር። ቃላት በመድረሻቸው መግጠማቸው የተስፋፋው ከላቲንና ከፈረንሳይኛ ግጥም ጋር በነበረው ግንኙነት ነው። ቾሰር ይህን ስልት በሚገባ ሠራበት። ጆን ሚልተን ግን ስለ አዳምና ሔዋን ከገነት መውጣት የሚናገረውን ረጅም ግጥሙን በ1667 ሲያሳትም ቤት ሳይመታ ነው የጻፈው። ሆኖም ስንኞቹ የተመጠኑ ናቸው። ሚልተን ቤት መምታትን የተወው ችሎታ አንሶት አልነበረም፤ ለግጥሙ የማያስፈልግ ጌጥ ነው ብሎ ስላመነ ነው። እናንተ ግን ሥርዓቱን ሳትማሩ ሥርዓቱን ተውን ብትሉ የሚያምናችሁ አይኖርም።

ማጠቃለያ

በአማርኛ ቤት የሚመታው የመጨረሻው ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ሲሆን ነው። በእንግሊዝኛ ግን ኃይል ከተሰጠው የመጨረሻ አናባቢ እስከ ቃሉ ፍጻሜ ያለው ድምፅ አንድ መሆን አለበት። በሁለቱም ቋንቋዎች ጽሕፈት ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ዳኛው ግን ጆሮ ነው። ስለዚህ ግጥም ስትጽፉ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ጆሮ ቤቱን ከተቀበለው በኋላ ደግሞ «ልናገር ያሰብሁት ይህንን ነበርን?» ብላችሁ ልቡናችሁን ጠይቁ።

መልመጃ

1. ከሚከተሉት ጥንድ ቃላት መካከል በአማርኛ ቤት የሚመቱትን ለዩ፤ ምክንያታችሁንም ግለጹ።
ሀ. ሰማ፣ ለማ
ለ. ጠራ፣ ገዛ
ሐ. ንጉሥ፣ መንፈስ
መ. አገር፣ ክብር

2. «ጎው»፣ «ሶው»፣ «ኖው» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት በእንግሊዝኛ ቤት ሲመቱ በአማርኛ ሥርዓት የማይመቱት ስለ ምንድን ነው? በሦስት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።

3. በእንግሊዝኛ መጽሐፋችሁ ውስጥ በጽሕፈት ተመሳስለው በድምፅ የሚለያዩ ሦስት ጥንድ ቃላት፣ በጽሕፈት ተለያይተው በድምፅ የሚገጥሙ ሦስት ጥንድ ቃላት ፈልጉ። ለመምህራችሁም እያነበባችሁ አሰሙ።

4. ቀጥሎ ባሉት ስንኞች ቤቱ ሐሳቡን አበላሽቶታል። ዋናውን ሐሳብ ለይታችሁ ስንኞቹን አስተካክላችሁ ጻፉ።
ተማሪው በርትቶ ቀን ከሌት ያጠናል፣
ፈተናው ሲደርስ ደስ ብሎት ይዘፍናል።

5. ስለምታውቁት ወንዝ፣ ተራራ ወይም ገበያ አራት ስንኞች ጻፉ። በግስ መድረሻ ብቻ ቤት እንዳትመቱ ተጠንቀቁ።